አርኒ ከዕቃ ጎጆው ጀርባ ያስቀመጠው ጉማጅ

እስቲ አንዴ ስሙኝማ፤ ይህን ታሪክ ለሰው ሳልነግር መቀመጥ አቃተኝ። ስለ አንድ ሽማግሌ ነው፤ አርኒ ቢያርናሶን ይባላል፤ የሚኖረው እዚሁ ዊኒፔግ፣ ዌስት ኢንድ፣ የኛው መንገድ ላይ ነው። ጋዜጣ ላይ የወጣ ሰው አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ወጣ፣ በቃ። ግን እሱ ላይ የደረሰውን፣ ኧረ እሱ ራሱ ያደረሰውን ማለት ይሻላል፣ ስትሰሙ እናንተም እንደኔ ለሌላ ሰው ሳትነግሩ የምታድሩ አይመስለኝም።

የኛ ሰፈር ቤቶች የቆዩ ናቸው። የእንጨት፣ ጠባብ፣ ረጃጅም፣ ትከሻ ለትከሻ የቆሙ። የአርኒ አያት ከአይስላንድ የመጡ አናጢ ስለነበሩ ከነዚህ ቤቶች ስድስቱን በገዛ እጃቸው እንደሠሩ ይወራል፤ አርኒ ራሱ ዘጠኝ ናቸው ይላል፣ ሲሞቀው ደግሞ አስራ አንድ። ቤቶቹ ግን ይቅሩ፤ የመንገዱ ጌጥ ዛፎቹ ነበሩ። በግራም በቀኝም ኤልም የሚባለው ትልቅ ዛፍ፤ መቶ ዓመት የሞላቸው፣ ላይ በላይ ተገናኝተው መንገዱን እንደ ጣራ የሸፈኑት። በሐምሌ ሙቀት ከዋናው ጎዳና ወደኛ ስትታጠፉ ልክ ቤት ውስጥ እንደ መግባት ነበር። አርኒ ሹፌር በነበረ ጊዜ ከሥራ ሲመለስ እዚያች መታጠፊያ ላይ ኮፍያውን ያወልቅ ነበር አሉ።

በየዓመቱ መስከረም ሲገባ ደግሞ መሰላሉን ተሸክሞ፣ ማስቲሹን በባልዲ ይዞ በር በር ያንኳኳል። ለዛፎቹ ቀበቶ ሊያስር ነዋ። ግንዱን ዙሪያውን በጥጥ ይጠመጥማል፣ በላስቲክ ያጠብቃል፣ ማስቲሹን ይቀባል። ክንፍ የሌላት የእሳት ራት እንቁላል ልትጥል ግንዱን ስትወጣ እዚያ ተለጥፋ ትቀራለች፤ በጸደይ ትል ቅጠሉን አይበላም። እንዲህ አድርግ ብሎ የሾመው ሰው የለም። ሠላሳ ምናምን ዓመት በራሱ ነው የሠራው። ጎረቤቱ ሲልቪኖ ሜዴይሮስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያሾፍበታል። ሲልቪኖ ፖርቱጋላዊ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሲሚንቶ ሲያፈስ የኖረ። «ሹፌሩ» ይለዋል፣ «ለዛፉ ሁሉ ቀበቶ ታስራለህ፣ የራስህ ሱሪ ግን መሬት ሊደርስ ነው።» አርኒ ደግሞ እሱን «ሲሚንቶ» ነው የሚለው። ሁለቱ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲጠራሩ ኖረዋል። ክረምት ክረምት ሐሙስ በመጣ ቁጥር ካርታ ይጫወታሉ። በረዶ ሲጥል ቀድሞ የነቃው የሁለቱንም ቤት ደጅ ይጠርጋል። ይህ ሳይነጋገሩ የገቡት ውል ነበር።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ትሉ ቅጠል ይበላል እንጂ ዛፍ አይገድልም። ኤልምን የሚገድለው በሽታ ነው፤ በሽታውን የምታዞረው ደግሞ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ጢንዚዛ ናት። የሞተ ኤልም ታገኝና ቅርፊቱ ስር ትፈለፍላለች፤ ልጆቿ ከዚያ ወጥተው ወደ ደህናው ዛፍ ይበራሉ። ስለዚህ የኤልም እንጨት ከነቅርፊቱ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ ወይ ትልጠዋለህ፣ ወይ ታስወስደዋለህ። ይህን ከአርኒ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የጫማ ካርቶን ውስጥ አንድ የቅርፊት ቁራጭ ያስቀምጣል፤ ውስጡ ላይ ጢንዚዛዋ የቦረቦረችው መስመር አለ፣ መቶ እግር ያላት ትል የተሳለች ነው የሚመስለው። ሰፈሩ ውስጥ አዲስ ቤት የገባ ሰው ገና ዕቃውን አውርዶ ሳይጨርስ አርኒ ያችን ካርቶን ይዞ ከች ይላል። «ይቺን እይ» ይላል፣ «አንዲት ጉማጅ ከነቅርፊቷ ጓሮህ ውስጥ አስቀመጥክ ማለት መንገዱን በሙሉ ገደልክ ማለት ነው።»

ሚስቱ ሎይስ ትባል ነበር። ቤቱን የገዙ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ጸደይ፣ ደጃፋቸው ያለው ኤልም ላይ የአበባ ቅርጫት መስቀያ መንጠቆ ተከለች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቀይ አበባዋን ትሰቅላለች። ዛፍ ደግሞ ያድጋል አይደል? ቅርፊቱ ቀስ በቀስ መንጠቆውን ዋጠው፤ በመጨረሻ የጣት ጫፍ የምታህል ብረት ብቻ ነበር ብቅ ብላ የቀረችው። ቅርጫቱን በሽቦ ነበር የምታስረው። ሎይስ በኩላሊት ሞተች። በተከታዩ ግንቦት አርኒ አበባውን ራሱ ገዝቶ ሰቀለ። በሰኔ ደግሞ የዛፉ ጫፍ ቢጫ ሆነ፤ በሐምሌ ከከተማው ሰዎች መጥተው ግንዱ ላይ ብርቱካናማ ነጥብ ቀቡ። ያ ነጥብ ምን ማለት እንደሆነ እኛ ሰፈር ሕጻንም ያውቃል።

የቆረጡት በየካቲት ነው፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ በሆነ ቀን። አርኒ እህቱ የጋገረችውን ቪናርቴርታ፣ ያንን ድርብርብ የፕሪም ኬካቸውን ቆራርሶ ለሠራተኞቹ ይዞ ወጣ። ከዚያ የሠራተኞቹን አለቃ ለመናት፤ ወጣት ሴት ናት፣ አፍንጫዋ በብርዱ ቀልቷል። መንጠቆው ያለበትን ጉማጅ ብቻ ተዪልኝ አላት። እሷ ቅርፊቱ ካልተላጠ እንደማይቻል፣ እሱም ከሷ በላይ እንደሚያውቅ ነገረችው። «ዛሬውኑ እልጠዋለሁ» አላት። ኬኩን እየበላች ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ ትታለት ሄደች።

ከልቡ ነበር እኮ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ቢላዋውን ሞርዶ ተቀመጠ፤ ስለቱን ቅርፊቱ ስር አስገባ። ገፋ ሊያደርግ ሲል አየው። መንጠቆውን የያዘው ቅርፊቱ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ዙሪያውን አብጦ እንደ ከንፈር የገጠመው እሱ ነው። ቅርፊቱ ከተላጠ የሚቀረው አንድ የዛገ ብረትና ራቁት እንጨት ነው። ቢላዋውን አወጣ። ነገ አለ። ነገ ደግሞ በረዶው ሲቀልጥ ሆነ። ጉማጁን ጓሮው ውስጥ ካለችው የዕቃ ማስቀመጫ ጎጆ ጀርባ አስቀምጦ ሸራ አለበሰው። ጠዋት ጠዋት ሸራውን ገለጥ ያደርግና እሱ ላይ ተቀምጦ የሰፈሩን ወሬ ለሎይስ ይነግራታል፤ ማን ቤቱን እንደሸጠ፣ የማን ማሞቂያ እንደተበላሸ።

ሕሊናው ሲወቅሰው ደግሞ መልስ ነበረው። ይህ የኛ ብርድ የመኪና ባትሪ ይሰነጥቃል፣ ጢንዚዛ ምን ይተርፋል? ይህንን የሚል የኛ ከተማ ሰው ብቻ ነው። በብርዳችን እንኮራለና! ሁሉን ነገር የሚገድልልን፣ የሚያጸዳልን ይመስለናል። ለሰው ሲያስተምር ጢንዚዛዋ ብርዱን ተደብቃ እንደምታሳልፍ ራሱ ነበር የሚናገረው። ለራሱ ሲሆን ረሳው።

ከሁለት ክረምት በኋላ ነው እንግዲህ ኤርሊንዳ በአጥር በኩል የጠራችው። ኤርሊንዳ በሌላው ጎን ያለችው ጎረቤቱ ናት፤ ፊሊፒናዊት፣ የአረጋውያን ቤት ውስጥ የምትሠራ። አርኒን እንደ አገሯ ወግ «ኩያ» ትለዋለች፣ ታላቅ ወንድሜ እንደ ማለት ነው። የዛፏ ጫፍ ቢጫ ሆኗል፣ ውሃ ጠምቶት ይሆን ብላ ጠየቀችው። አርኒ ቀና ብሎ አየ፤ ጥማት አልነበረም። በሳምንቱ ነጥቡ ተቀባ። በተከታዩ በጋ ደግሞ ከማዶ ሁለት ዛፍ። ሦስት ሆኑ።

አርኒ አበደ። ከሰፈሩ ሰው አንዱ እንጨት ደብቋል ብሎ ተነሳ። በጓሮ መንገድ እየዞረ በየአጥሩ ላይ ይንጠራራል። እና ይሄ ነው እኔን የሚገርመኝ፤ የሁሉንም ጓሮ ሲያይ የራሱን ጎጆ ጀርባ አንድ ቀን አላሰበውም። እዚያ ያለው ለሱ እንጨት አልነበረማ። ሎይስ ነበረች። ዓይኑ ያረፈው ሲልቪኖ ጓሮ ውስጥ ነው። ሲልቪኖ ቋሊማውን በጭስ የሚያደርቅበት እንጨት አለው፤ በደንብ የተደረደረ ትልቅ ክምር።

በነሐሴ ሰፈሩ አንድ ቀን መንገዱን ዘግቶ፣ ጠረጴዛ አውጥቶ አብሮ ይበላል። አርኒ ነገሩን ያነሳው እዚያ ነው፤ ሰው ሁሉ ባለበት።

«ሲልቪኖ፣ ያ እንጨትህ ከየት ነው የመጣው?» አለው። ሲሚንቶ አላለውም።

«የፖምና የኦክ ዛፍ ነው። ሠላሳ ዓመት ቋሊማውን ስትውጥ አልጠየቅከኝም እኮ።»

ሰው ሳቀ። አርኒ አልሳቀም። «ሦስት ዛፍ ሞቷል» አለ፣ «እዚህ ካለነው ውስጥ አንዱ ይዋሻል።»

ሲልቪኖ ሹካውን አስቀመጠ። አርኒን ትክ ብሎ ረዘም ላለ ጊዜ አየው። የሚናገር መስሎ ነበር፤ ግን «እሺ» ብቻ ብሎ ሳህኑን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ሰኞ ዕለት የከተማው የዛፍ ተቆጣጣሪ መጣች፤ ማን እንደጠራት ሁሉም ያውቃል። የሲልቪኖን ክምር በጓሮ መንገዱ ላይ አንድ በአንድ አፈረሰችው። ፖም፣ ኦክ፣ ፖም። አንድ ኤልም የለም። አርኒ አጠገቧ እየሄደ ያስረዳታል። በራሱ ጓሮ በኩል ሲያልፉ የዛፎቹ ሰውዬ ነው ብላ ቀና ብላም አላየች።

አርኒ ይቅርታ አልጠየቀም። ጠየቅኩ እንጂ መቼ ከሰስኩ አለ። ክረምቱ ገብቶ ሐሙስ መጣ፤ ለካርታ በሩን ያንኳኳ የለም። ሰው ደግሞ ታውቁ የለ፤ ሲልቪኖ ኤልሙን ተቆጣጣሪዋ ከመምጣቷ በፊት አሽሽቶት ይሆናል የሚል ወሬ ተነሳና እዚያው ቀረ። በዚያ ክረምት ሲልቪኖ በረዶውን ጠረገ፤ ልክ ድንበሩ ላይ ሲደርስ አካፋውን አቆመ። በቢላዋ የተቆረጠ ነበር የሚመስለው። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። በነዚያ ሁለት ዓመታት አራት ዛፍ ሞተ።

ባለፈው መስከረም አርኒ የማስቲሹን ባልዲ ሊያወጣ ወደ ጎጆው ሄደ። ነፋስ ሸራውን ቀዶት ነበር። ትንፋሹ ስላጠረው እንደ ልማዱ ጉማጁ ላይ ቁጭ አለ፤ መዳፉን ቅርፊቱ ላይ ሲያሳርፍ ሻከረው። ጎንበስ አለ። በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ። አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም፣ የወንፊት ያህል ነው። በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው የደረቀው ቅርፊት እንደ ሳህን ተነስቶ እጁ ላይ ቀረ። ውስጡ ላይ ያ መስመር። ያው የጫማ ካርቶኑ ሥዕል። መነጽር እንኳን አላስፈለገውም። መንጠቆው ከቅርፊቱ ጋር አብሮ ተነቅሎ ሳሩ ላይ ወደቀ።

እስከ ቀትር እዚያው ተቀመጠ። ለሎይስ የሚነግራት ወሬ አልነበረውም።

በማግስቱ የእህቱን ልጅ ፒካፕ ተውሶ ጉማጁን ከተማው እንጨት ወደሚቀበልበት ቦታ ወሰደው። በረኛው ቢጠይቀው የሚመልሰውን መንገድ ሙሉ ሲያዘጋጅ ነው የሄደው። በረኛው በጣቱ ወደ ክምሩ ጠቆመውና ስልኩን ማየቱን ቀጠለ። የጠየቀው የለም።

ሲመለስ የሲልቪኖ ደጅ ላይ «ተሸጧል» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። የሲልቪኖ ጉልበት ደረጃ መውጣት እምቢ ብሏል፤ ሩቅ ሚሲሳጋ ከተማ ወዳለችው ልጁ ሊሄድ ነው፤ ዕቃውን የሚጭነው መኪና ቅዳሜ ይመጣል። አርኒ ማክሰኞ እስከ ሲልቪኖ ደረጃ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ያንን ደረጃ ሲሚንቶውን አብረው ነው ያፈሰሱት። ረቡዕም እንደዚያው። ለሚሄድ ሰው ማወቁ ምን ያደርግለታል አለ፤ በሰላም ይሂድ፣ ልቡን ለምን አደማዋለሁ። ማመካኛ መልካም ሐሳብ መስሎ ሲመጣ እንዴት ያምራል መሰላችሁ።

ሐሙስ ኤርሊንዳ ለሲልቪኖ መሸኛ ያዘጋጀችውን ፓንሲት፣ ቀጫጭኑን ፓስታቸውን፣ በትልቅ ሳህን ይዛ ስትወጣ አርኒን ደጁ ላይ አየችውና ቆመች።

«ኩያ፣ ሲልቪኖ ሊሄዱ ነው እኮ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የዛፉን ነገር ይተዉላቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ተሳሳቱ። ይቅር ይበሏቸው።»

እግዜር ያሳያችሁ። ይቅር በላቸው! እሱ ይቅር እንዲል! አርኒ ራሱን ነቀነቀ፤ እሷ እሺ ያላት መስሏት ትከሻውን ነክታው ሄደች። ያን ቀን እህል አልቀመሰም። እስከዚያ ድረስ የታየው ዛፎቹን ማጥፋቱ ብቻ ነበር። አሁን ግን ሲልቪኖ የማንን ጥፋት ተሸክሞ እንደሚሄድ አየ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ቆሟል። ሲልቪኖ ሣሩ ላይ የወጥ ቤት ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ የልጁን ባል ይቆጣጠራል፤ ሶፋውን በጎን አዙረው፣ አይደለም፣ በዚያኛው ጎን። አርኒ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ሲሚንቶ» አለው።

ሲልቪኖ ዞር አላለም።

«እኔ ነኝ። እንጨቱ እኔ ጓሮ ነበር። የሎይስ ዛፍ፣ ከነቅርፊቱ። ሰኞ ነው ያወቅኩት። ማወቅ የነበረብኝ ግን...»

«አውቃለሁ» አለ ሲልቪኖ፣ ሶፋውን እያየ።

«ምኑን?» አለ አርኒ።

«ከላይ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ጓሮህ ቁልጭ ብሎ ይታያል» አለ ሲልቪኖ። «በመጀመሪያው ዓመት ነው ያየሁት። ጠዋት ጠዋት ሸራውን ገልጠህ ስታወራት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? እሺ ሌላው ይቅር፣ በዚያ ቀን፣ ሰው ፊት እንደዚያ ስልህ!»

«ምን ልበልህ? ሚስትህን አውጥተህ ጣላት ልበልህ? ሰው በተሰበሰበበት?» ሲልቪኖ አሁን ዞሮ አየው። «መጀመሪያ ይልጠዋል ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ አንተ እኔን ውሸታም ስታደርገኝ ተናደድኩ። ራሱ ያግኘው፣ ራሱ መጥቶ ይለምነኝ አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በመስኮት እያየሁህ ዝም አልኩ። መጀመሪያ የሞቱት ሦስቱ ያንተ ናቸው ሹፌሩ። የኋለኞቹ አራቱ ግን የሁለታችን ናቸው።»

ከኋላቸው የልጁ ባል ፍሪጅ እየጎተተ ይሳደባል። የረፋዱ ፀሐይ በቀጥታ ፊታቸው ላይ ያርፋል፤ ድሮ በዚያ ሰዓት እዚያ ቦታ ላይ ፀሐይ አይታይም ነበር።

ሲልቪኖ እጁን ዘረጋ። አርኒ ሊጨብጠው መስሎት ነበር፤ እሱ ግን ከወንበሩ ሳበኝ ማለቱ ነው። ሳበው። ተነስቶ ሲቆም እጁን ወዲያው አልለቀቀውም።

«ለሰዎቹ ንገራቸው» አለው። «ሠላሳ ምናምን ዓመት የኖርኩበት ቦታ ነው። ስሜን እንዲህ አድርጌ ትቼ አልሄድም።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«እኔ ከመታጠፊያው ሳልደርስ ጀምር። አውቅሃለሁ፣ ነገ ትላለህ።»

መኪናው ሲንቀሳቀስ አርኒ ኤርሊንዳ በር ላይ ነበር። ነገራት፤ ምንም ሳያስቀር፣ መንጠቆውንም፣ ቢላዋውንም፣ ተቆጣጣሪዋንም። ኤርሊንዳ የሳህን መጥረጊያውን እንደያዘች ቆማ ሰማችው። «እኔ እኮ ይቅር ይበሏቸው አልኩዎት» አለች። ሌላ አልጨመረችም። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ደርግማ ብትዘጋው ይሻለው ነበር ይመስለኛል።

ከዚያ ቀጠለ። ሃያ ሁለት በር፤ መሰላል የለ፣ ባልዲ የለ፣ ባዶ እጁን። አንዳንዱ የትኛዋ ጢንዚዛ የትኛውን ዛፍ እንደገደለች ማን ያውቃል ብሎ አጽናናው፤ እሱ ግን እኔ አውቃለሁ ይላል። አንዱ ሳቀበት። አንዲት ሴት ሰደበችው፤ ቆሞ ሰማት። ስምንት ቤት ደግሞ ዘንድሮስ ቀበቶውን አታስርልንም ወይ ብለው ጠየቁት። ለስምንቱ አሰረላቸው። የሌሎቹን ዛፍ አልነካም።

ሚሲሳጋም ደውሏል። ልጅቷ አነሳችው፤ አባባ ተኝቷል፣ እነግረዋለሁ አለችው። አርኒ «ለሁሉም ነገርኳቸው በይው» አላት። እሺ አለችው። ይህ በጥቅምት ነው። እስካሁን ሲልቪኖ አልደወለም። አርኒም እንደገና መደወል ፈራ፤ ልጅቷ መልእክቱን ረስታው ነው ብሎ ማሰቡ ይሻለዋል መሰለኝ።

አሁን መንገዳችን ላይ ከተማው የተከላቸው ችግኞች አሉ፤ የጣት ያህል ናቸው፣ በእንጨት ተደግፈው። ጥላ ለመሆን ስልሳ ዓመት ይፈጅባቸዋል። አርኒ ሰባ ስድስቱን ይዟል። በሙቀት ቀን ደጁ ላይ ኮፍያ አድርጎ ተቀምጦ ታዩታላችሁ፤ ውሃ ያጠጣቸዋል እንጂ ስለ ዛፍ ለማንም ምንም አያስተምርም።

እናንተስ? ለሌላው ሰው አይሆንም ብላችሁ የከለከላችሁትን፣ ለራሳችሁ ሲሆን አንጀታችሁ ስላልቻለ ያስቀመጣችሁት ነገር አለ? ማንን ጎዳባችሁ? ሰውየውስ ከመሄዱ በፊት ደረሳችሁበት?